የአይጥ ሽል እና የካዛንቺስ ዳቦ

ባለፈው እሑድ እዚህ ቻናል ላይ አንድ አጭር ቪዲዮ ለጥፌ ነበር። የአይጥ ሽል ነው። ከጣት ጥፍር ያነሰች ነገር ጥቁር መደብ ላይ ቀስ እያለች ትዞራለች። መላ አካሏ እንደ መስተዋት ያሳልፋል፤ ጀርባዋ ላይ ግን አንድ ጂን ሥራ ላይ ያለበት ቦታ ብቻ ደምቆ ይታያል። እኔ ሳየው ዝም ብዬ ቀረሁ። እናንተ ግን ዝም አላላችሁም።

«ወንድም፣ ሥራ ፈታህ እንዴ?» ያለኝ አለ። «ሕዝቡ በዘይት ዋጋ ተቃጥሎ አንተ የአይጥ ፎቶ ትለጥፋለህ» ያለኝ አለ። አንዱ ደግሞ፣ ከድሮ ጀምሮ ጽሑፎቼን የሚያነብና የማከብረው ሰው፣ ረጋ ብሎ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ሰፈርህ ካዛንቺስ ፈርሶ አልቋል፤ ጎረቤትህ ተበትኗል፤ ስለዚያ መጻፍ ትተህ የፈረንጅ ቅንጦት ታሳየናለህ?»

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማለፍ እችል ነበር። ሦስተኛው ግን መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ያችን ሽል የለጠፍኩት ስለ ካዛንቺስ ብዬ ነው። በቪዲዮው ሥር ሳላስረዳ መተዌ የኔ ጥፋት ነው። ዛሬ ላስረዳ። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

በነገራችን ላይ እኔ ሐኪምም ባዮሎጂስትም አይደለሁም። ያለኝ አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፣ እሱም የጋዜጠኝነት፤ የምኖረውም በጻፍኩት ልክ እየተከፈለኝ ነው። የምጽፈውን ግን አንብቤ፣ ጠይቄ፣ የገባኝን ብቻ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ካዛንቺስ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ «እታለም» እያልኩ ያደግኩባት ሴት ነበረች። ስሟን አልጽፍም። የዛሬ 12 ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ልጁ ወገቡ ላይ፣ ልክ ቀበቶ በሚታሰርበት ቦታ፣ ስስ ቆዳ የሸፈነው ውሃ የቋጠረ እብጠት ይዞ መጣ። እግሮቹ አይንቀሳቀሱም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጭንቅላቱ ማደግ ጀመረ። ሐኪሞቹ ስፓይና ቢፊዳ አሉት፤ ጭንቅላቱ ውስጥ የተጠራቀመውንም ውሃ ሃይድሮሴፋለስ አሉት። ግቢያችን ግን የራሱ ስም ነበረው። አንዷ «ነፍሰ ጡር ሆና ቀትር ላይ ልብስ ልታጥብ ወርዳለች፤ ለክፏት ነው» አለች። አንዷ «ሳይጋቡ ነው የጸነሰችው» ብላ ጨረሰችው። የባልየው እናት ደግሞ ከገጠር ድረስ መጥተው «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብለው ሄዱ። ስድስት ወር ሳይሞላ ባልየውም ሄደ።

እማዬ ብቻ ናት «ተዉአት፣ የእግዜር ሥራ ነው» ያለችው። ደግ ልብ ነው። ግን ይሄም ቢሆን እታለምን ነፃ አላወጣትም፤ «እግዜር ለምን እኔን?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው የጨመረላት። ሌሊት ሌሊት ግድግዳው ሳስቶ ስለነበር ስታለቅስ እንሰማት ነበር።

አሁን ወደ አይጧ እንመለስ።

ሰው በሆድ ውስጥ ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ ጀርባ የለውም። ያለው ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ከምጣድ የወረደ ትንሽ እንጀራ በሉት። ከዚያ የዚህ ጠፍጣፋ ነገር ሁለት ጠርዞች ወደ ላይ መነሣት ይጀምራሉ። ይታጠፋሉ፣ ይቀራረባሉ፣ መሐል ላይ ይገናኙና ይጣበቃሉ። መገናኘቱ በአንዴ አይሆንም፤ እንደ ጃኬት ዚፕ ከተነሣበት ቦታ ወደ ላይና ወደ ታች እየተዘጋ ይሄዳል። እንዲህ የተጠቀለለው ነገር የነርቭ ቱቦ ይባላል። ላይኛው ጫፍ አንጎል ይሆናል፤ የቀረው ኅብለ ሰረሰር ይሆናል። ላይኛው በር ከፅንሰት በኋላ በ25ኛው ቀን አካባቢ ይዘጋል፤ ታችኛው በ28ኛው ቀን አካባቢ። ላይኛው ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ አንጎሉ ሳይሠራ ይወለዳል፣ አይኖርም። ታችኛው ሳይዘጋ ከቀረ የእታለም ልጅ ይሆናል።

ይህን ቁጥር በደንብ ያዙት። 28 ቀን። የወር አበባዋ በቀረ ገና ሁለት ሳምንት። ብዙ ሴት በዚያ ጊዜ «ምናልባት ዘግይቶብኝ ይሆናል» እያለች ነው ያለችው። እታለም ማርገዟን ያወቀችው ሁለተኛው ወር ካለፈ በኋላ ነው። ቀትር ላይ ልብስ ልታጥብ ወረደች የተባለችው በአምስተኛው ወር ነው። ያኔ በሩ ተዘግቶ፣ ወይም ሳይዘጋ ቀርቶ፣ ነገሩ ካለቀ ሦስት ወር አልፎት ነበር። በምን አወቅን? በሽል ምስል።

ሽልን በሦስት ገጽታ የማየት ሙከራ ዛሬ በኮምፒውተር የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። በ1883 ጉስታፍ ቦርን የሚባል ጀርመናዊ ሽልን እንደ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ እየቆረጠ፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ቅርጽ አጉልቶ በሰም ገበታ ላይ እየቀረጸ፣ ገበታዎቹን ደራርቦ ትልቅ የሰም ሐውልት የሚሠራበትን ዘዴ አወጣ። ለአንድ ሽል ወራት ይፈጃል። ዘዴው ቅርጽ ያሳያል፤ የማያሳየው ግን በዚያ ቅርጽ ውስጥ የትኛው ጂን መቼና የት እንደሚሠራ ነው።

ይሄኛው ጥያቄ ነው ከባዱ። በሰውነታችን ውስጥ ያለ ሴል ሁሉ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ አንድ ዓይነት የጂን መጽሐፍ ይዟል። የጉበት ሴልና የዓይን ሴል የሚለያዩት ከመጽሐፉ የተለያየ ገጽ ስለሚያነቡ ነው። ሽሉ ሲሠራም እንዲሁ ነው፤ ጀርባው ላይ ያሉ ሴሎች በተወሰነ ሰዓት የተወሰነ ገጽ ከፍተው «አሁን ታጠፉ» የሚል ትእዛዝ ያነባሉ። ሳይንቲስቶች የተከፈተውን ገጽ ለማየት ከዚያ ጂን ግልባጭ ጋር ብቻ የሚጣበቅ ቀለም የተቀባ ፍላጊ ይሠራሉ፤ ሽሉን በዚያ ይነክሩታል፤ ጂኑ የሚሠራበት ቦታ ብቻ ይቀላል ወይም ይበራል። ችግሩ ሽሉ ድፍን ነው፤ ውስጡ የበራውን ለማየት መልሶ መቆራረጥ ነበረበት።

በ2002 ጄምስ ሻርፕና ባልደረቦቹ ኤድንብራ ላይ አንድ መላ አመጡ። ቀለም የገባውን ሽል በፈሳሽ እየነከሩ እንደ መስተዋት እንዲያሳልፍ አደረጉት። ከዚያ አንድ ዘንግ ላይ ሰቀሉት፣ በጥቂቱ እያዞሩ በብርሃን ፎቶ አነሡት። አንድ ዙር ለመጨረስ 400 ፎቶ፤ በየ0.9 ዲግሪው አንድ ማለት ነው። ፎቶዎቹን ኮምፒውተር አጋጥሞ ሙሉውን ሽል በሦስት ገጽታ ይመልሰዋል። ሲቲ ስካን የተነሣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሐሳቡ እሱው ነው፣ ልዩነቱ በኤክስሬይ ፋንታ ብርሃን መጠቀሙ ነው። በ2004 ደግሞ ጀርመን ሃይደልበርግ ላይ ሌላ ቡድን እንደ ወረቀት የሳሳ ብርሃን ከጎን እየላከ ሽልን ገጽ በገጽ የሚያነብ ማይክሮስኮፕ ይዞ መጣ። በዚህኛው ዘዴ ሽሉ በሕይወት እያለ ማየት ይቻላል። በ2018 አሜሪካ ውስጥ በዚሁ መንገድ የአይጥ ሽልን ለሁለት ቀን ያህል ሳያቋርጡ ቀርጸው፣ እያንዳንዱ ሴል ከየት ወደየት እንደሄደ ተከታትለው አሳተሙ። የነርቭ ቱቦው መዘጋት እዚያ ውስጥ አለ። ዚፑ ሲዘጋ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

እኔ የለጠፍኩት የዚህ ዓይነት ሥራ ነው። «የአይጥ ፎቶ» የተባለው።

«ታዲያ አይጥ ለምን?» ለሚለው፦ የአይጥ ቱቦ የሚዘጋው በሰው መንገድ ነው፣ በብዙ ተመሳሳይ ጂኖች። ፓክስ 3 የሚባል ጂን አለ፤ ከበራባቸው ቦታዎች አንዱ የሚዘጋው ጀርባ ነው። ይህ ጂን የተበላሸባቸው የአይጥ ሽሎች ልክ እንደ እታለም ልጅ ጀርባቸው ክፍት ሆኖ ይወጣል። በ1998 ለንደን ላይ ፍሌሚንግና ኮፕ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለእነዚህ ሽሎች ፎሊክ አሲድ ሲሰጡ ከፊሎቹ ጀርባቸው ተዘጋ። ፎሊክ አሲድ ቫይታሚን ቢ9 ነው። ሴል ሲባዛ ዘሩን የሚገለብጥበት ግብዓት ይሠራበታል፤ ያ ጀርባ በዚያች ሳምንት በፍጥነት መባዛት አለበት፤ ግብዓቱ ካነሰ ጠርዞቹ ሳይገናኙ ሰዓቱ ያልፋል።

እዚህ ላይ ብልህ ተከራካሪ ሊይዘኝ ይችላል፤ ሳይዘኝ እኔው ልናገር። ፎሊክ አሲድ እንደሚሠራ የታወቀው በአይጥ ፎቶ አይደለም። በ1991 በሰባት አገሮች ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ ያረገዙ 1,817 ሴቶች ላይ በተደረገ ሙከራ ነው። ፎሊክ አሲድ ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው የወሰዱት ላይ ችግሩ እንደገና የመምጣቱ ዕድል በ72 በመቶ ቀነሰ፤ ውጤቱ ግልጽ ስለነበር ሙከራው ከጊዜው በፊት ቆመ። እውነት ነው፣ ሐኪሞች ቀድመዋል። ግን «ከማርገዛቸው በፊት» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ቱቦው መቼ እንደሚዘጋ ሽል ላይ ጎንበስ ብለው የቆጠሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ቀሪው 28 በመቶስ? እሱን የሚፈልጉት አሁንም በአይጥ ላይ ነው፤ ፎሊክ አሲድ የማይረዳቸው የአይጥ ዘሮች አሉና። ይህ ለእናቶቻችን ትልቅ ነገር ነው። ቫይታሚኑን በሰዓቱ የወሰደች ሴትም እንዲህ ያለ ልጅ ልትወልድ ትችላለች ማለት ነው። ያኔም ጣት የሚቀሰርባት አይደለችም።

አሁን ወደ ሀገራችን እንምጣ፤ ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው።

በዓለም ደረጃ ከ10,000 ወሊዶች ወደ 19 የሚጠጉት ላይ ይህ ችግር እንደሚታይ ይገመታል። በ2018 በታተመ ጥናት ትግራይ ውስጥ በሆስፒታሎች 14,903 ወሊዶች ታይተው 195ቱ ላይ ተገኘ። አስሉት፣ ከ10,000 ውስጥ 131 ነው። ሰባት እጥፍ። ጥናቱ ሆስፒታል የመጡትን ብቻ ያየ ነው፤ ከባድ ወሊድ ወደ ሆስፒታል ስለሚመጣ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፣ እሺ። በአዲስ አበባ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተሠሩትም ግን ከዓለም አማካይ በብዙ የሚበልጥ ነው ያገኙት። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል ማየት የፈለገ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። የልጆቻቸውን ጀርባ ለማዘጋትና ጭንቅላታቸው ላይ ውሃ መውረጃ ቱቦ ለማስገባት ከየክልሉ ሕፃን ታቅፈው የሚመጡ እናቶችን እዚያ ያገኛል። ቁጭ ብሎ ይቁጠር፣ ከዚያ «ቅንጦት» ይበለኝ።

እሺ፣ ምን እናደርጋለን? አሁን የምናደርገው ይህ ነው፤ እርጉዝ ሴት ጤና ጣቢያ ስትመጣ ብረትና ፎሊክ አሲድ አንድ ላይ የያዘ እንክብል እንሰጣታለን። ጥሩ ነው፣ ለደም ማነስ ይጠቅማታል። ለቱቦው ግን ባቡሩ ሄዷል። በ2019 በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ሴቶች 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ጎበዞች መካከልም በሦስተኛው ወር የመጣችው ለቱቦው አልደረሰችም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ለማርገዝ ስታስብ ጀምራ በቀን 400 ማይክሮግራም ትውሰድ ነው። ለማርገዝ አስባ የምታረግዝ ስንት ናት? የሚያስቡትስ ይህን ማን ነገራቸው? እታለም እንክብሉን ያገኘችው በአራተኛው ወር ነው፣ ከአንድ ጤና ጣቢያ፣ «በየቀኑ ዋጪው፣ ለልጁ ነው» ተብላ። ዋጠችው። አንድም ቀን አላስተጓጎለችም። ልጁ ሲወለድ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ያለች ባለሙያ የጠየቀቻት የመጀመሪያ ጥያቄ «እንክብልሽን በሥርዓት ወስደሻል?» የሚል ነበር።

ይህ ጥያቄ ነው የሚያናድደኝ። ሰፈሩ «ለክፏት ነው» አለ፣ አማቷ «በእኛ ዘር የለም» አሉ፣ የተማረችው ደግሞ በነጭ ጋውን «ወስደሻል ወይ» አለቻት። ሦስቱም አንድ ነገር ነው የተናገሩት። ሦስቱም ያችን የአይጥ ሽል ለሁለት ደቂቃ አይተው ቢሆን አፋቸውን ይይዙ ነበር።

ሴቲቱ ሳታስበው፣ ማርገዟን ሳታውቅ፣ ቫይታሚኑ ደሟ ውስጥ ቀድሞ መገኘት አለበት። ይህ የሚሆነው ሁሉም በሚበላው ነገር ውስጥ ሲገባ ነው። አሜሪካና ካናዳ በ1998 ዱቄት ውስጥ እንዲጨመር አስገደዱ። ቺሊ በ2000፣ ደቡብ አፍሪካ በ2003። ዛሬ ከ60 በላይ አገሮች ያደርጉታል። የአሜሪካው መጠን በ100 ግራም ዱቄት 140 ማይክሮግራም ነው፤ በዓይን የማይታይ፣ በምላስ የማይታወቅ። ደግሞ የሚያስቀኝ ነገር ልንገራችሁ፦ የ1991ዱን ሙከራ የመራችው እንግሊዝ ራሷ ለሰላሳ ዓመት ስታመነታ ቆይታ በ2021 ወሰነች፣ ሕጉን በ2024 አወጣች፣ ለፋብሪካዎቹም እስከ 2026 መጨረሻ ጊዜ ሰጠች። ስለዚህ ፈረንጅ ሁሉን በጊዜው ያደርጋል ብዬ አልሰብክም።

እኛስ? እኛ በወረቀት እንግሊዝን ቀድመናል! በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ፣ በብረት፣ በዚንክና በሌሎች ቫይታሚኖች እንዲበለጽግ፣ ዘይትም ቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲገባበት የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። በ2023 የዓለም ጤና ጉባኤ ስፓይና ቢፊዳን በምግብ ማበልጸግ እንከላከል የሚል ውሳኔ ሲያሳልፍ እኛ ደረጃው በእጃችን ነበር። ወረቀት ሞልቶናል።

ባለፈው ማክሰኞ ከዑራኤል ጀርባ፣ ከፈረሰው የተረፈ አንድ ዳቦ ቤት ገባሁ። ባለቤቱን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ በየጠዋቱ ዳቦ የምገዛው ከአባቱ ነበር። «ዱቄትህን አሳየኝ» አልኩት። ሳቀ፣ ወደ ጓዳ አስገባኝ። ከረጢቶቹን እያገላበጥኩ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። የፋብሪካ ስም፣ ክብደት፣ የስንዴ ዘለላ ሥዕል።

«ምን እየፈለግክ ነው?» አለኝ።

«ፎሊክ አሲድ።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው፣ እርሾ ነው?»

አትሳቁበት። ማንም አልነገረውም። እኔ ደግሞ አንድ ዳቦ ቤት አይቼ ስለ ሀገር ዱቄት ሁሉ አልፈርድም፤ የሚያበለጽጉ ፋብሪካዎች ካሉ እሰየው፣ ስማቸውን ከረጢታቸው ላይ በትልቁ ይጻፉልን። ጥያቄዬ ቀላል ነው፦ በዚህ ከተማ ዛሬ ጠዋት ከተጋገረው ዳቦ ውስጥ ፎሊክ አሲድ ያለበት ስንቱ ነው? ይህን በየወሩ ለሕዝብ የሚናገር መሥሪያ ቤት ማነው? የኮሪደሩን የእግረኛ መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር እንደደረሰ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን እንሰማለን። መሰማቱ ደስ ይላል። የዱቄቱስ?

ስለዚህ ነገር ታክሲ ውስጥ ሳወራ አንድ ሰው ምን አለኝ መሰላችሁ? «በዱቄት መድኃኒት ጨምረው ሊያመክኑን ነው።» ይህን ወሬ መናቅ አይገባም፣ ስለሚሰራጭ መልስ ይፈልጋል። ፎሊክ አሲድ ጎመን፣ ምስርና ባቄላ ውስጥ ያለው የፎሌት ወንድም ነው። አያመክንም። የሚሰጠው እንዲያውም ማርገዝ ለምትፈልግ ሴት ነው። ጨው ውስጥ አዮዲን ሲገባም ያኔ እንዲሁ ተወርቶ ነበር፤ ዛሬ ሁላችንም እየበላነው እንቅርት ቀነሰ እንጂ ማንም አልመከነም።

«ጾመኛ ሕዝብ ነን፣ ምስርና ጎመን እየበላን እንዴት ያንሰናል?» የሚልም አለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፎሌት ሙቀት አይወድም፤ ምስሩ ሲንተከተክ፣ ጎመኑ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ብዙው አብሮ ይሄዳል። በ2015 የተደረገው ሀገር አቀፍ የቫይታሚንና የማዕድን ጥናት ደም ወስዶ ሲያይ፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶቻችን አብዛኞቹ ቱቦውን ለመጠበቅ ከሚበቃው መጠን በታች ሆነው ተገኝተዋል። ሰፊው ገበሬ ደግሞ የፋብሪካ ዱቄት አይገዛም፤ ጤፉን፣ ገብሱን፣ በቆሎውን ሰፈር ወፍጮ ያስፈጫል። ስለዚህ እኔ የዱቄት ብቻ ጠበቃ አይደለሁም። ዱቄት ካዛንቺስን ያድን ይሆናል፣ ሰቆጣን አያድንም። ሰቆጣ የሚደርሰው ጨው ነው። ጨው የማይገባበት ወጥ የለም፤ አብዛኛው ደግሞ ከአፋር፣ ከአፍዴራ ነው የሚመጣው፤ አዮዲን የሚጨምሩበት ቦታ ላይ ፎሊክ አሲድ መጨመር ይቻላል። ሕንድ ውስጥ በሴቶች ላይ ተሞክሮ በ2024 ታትሟል፤ በደማቸው ያለው መጠን ከፍ ብሏል። ለእኛ ሀገር ተስማሚው ይሄ ይመስለኛል፣ የሚሞግተኝ ባለሙያ ካለ በደስታ።

አሁን ደግሞ «እኛ ከእንዲህ ያለ ሳይንስ ምን አገባን» ለሚሉት። በጀርባ ክፍተት ከዓለም ፊት የቆመ ሀገር ጀርባ እንዴት እንደሚዘጋ የማያጠና ከሆነ ማን ያጥና? ኤድንብራ? እነሱማ አጠኑ። የአይጧን አትላስ ኢንተርኔት ላይ ከፍተው ማንም በነፃ እንዲያየው አደረጉ። በ2013 ደግሞ ያን ከጎን ብርሃን የሚልክ ማይክሮስኮፕ ሰው ራሱ ገጣጥሞ እንዲሠራ ሙሉ ንድፉን በነፃ የለቀቁ ተመራማሪዎች አሉ። ርካሽ ነው አልልም፤ ሌንስና ሌዘር በዶላር ነው። ግን አንድ ባለሥልጣን ከሚጋልባት መኪና አይበልጥም።

እሱም ካልተቻለ እንቁላል አለ። ቢሾፍቱ የዳበረ እንቁላል ሞልቷል። በ37 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ታቅፎ በሁለተኛው ቀን የጫጩቷ የነርቭ ቱቦ ሲዘጋ፣ በሦስተኛው ቀን ልቧ ሲመታ ቅርፊቱን በመስኮት መልክ ከፍቶ በአጉሊ መነጽር ማየት ይቻላል። እኔ ይህን የተማርኩት በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው፤ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሳሉት ሽል የባቄላ ፍሬ ይመስል ነበር። የዛሬዎቹ ተማሪዎች ቢያንስ እንቁላል ይሰበርላቸው። ከመካከላቸው አንዷ ነገ ነጭ ጋውን ለብሳ «እንክብልሽን ወስደሻል ወይ» ከማለቷ በፊት ያቺን የምትዘጋ ጀርባ ታስታውስ ይሆናል።

እታለም ሰፈሩ ሲፈርስ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ድሮ ልጇን አዝላ ከቤት ወደ ሆስፒታል በእግሯ ትወርድ ነበር፤ አሁን ሁለት ታክሲ ነው፣ ዊልቸሩን ለሚያስገባላት ረዳት ደግሞ የአንድ ሰው ሒሳብ ተጨማሪ። ልጁ አሁን 12 ዓመቱ ነው። አርሰናልን ይደግፋል፤ የተጫዋች ዋጋ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ስንደዋወል ስለ ኳስ ካላወራሁት ስልኩን ለእናቱ አያቀብልም።

ቪዲዮውን ለእሷም ልኬላት ነበር፣ እዚህ ከመለጠፌ በፊት። ማታ ደወለች።

«ማሙሽ፣ ይሄ የላክልኝ ምንድነው?»

ነገርኳት። ጠርዞቹ ሲገናኙ እስክታይ አብረን ደጋግመን ከፈትነው፣ እሷ በእሷ ስልክ፣ እኔ በእኔ። 28 ቀን አልኳት። ሒሳቡን ራሷ ሠራችው፤ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ የት እንደነበረች፣ ምን ትሠራ እንደነበር። ብዙ ቆየች።

«ያን ጊዜ እኮ ገና አላወቅኩም ነበር» አለች።

«አላወቅሽም፣ እታለም።»

«ልብስ አጠባው በኋላ ነው።»

«በኋላ ነው።»

ዝም አለች። ከበስተኋላዋ ልጁ በቴሌቪዥን ላይ ሲጮህ ይሰማል፣ ጎል የገባ መሰለኝ። ከዚያ፣ «ለአባቱ ላክለት» አለችኝ።

«ቁጥሩን ስጪኝ።»

«እሱማ የለኝም» አለች።